ዜንግ ሄ፦ ከሸራው በፊት ስንቁን ያሰበው ሙስሊም አድሚራል



እስኪ አስቡት፤ ከ27 ሺህ በላይ ሰው ይዛችሁ ረጅም የባህር ጉዞ ልትወጡ ነው። ምን ይበላሉ? የሚጠጣ ውሃ ከየት ይገኛል? የታመመውን ማን ያክማል? መርከቡ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? አንዱን ከረሳችሁ የሰው ነፍስ ይጠፋል።

ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የመለሰ ሰው ነበር፤ ዜንግ ሄ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1371 በቻይና ዩናን ግዛት ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። አባቱም አያቱም ሐጂ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ገና ልጅ ሳለ የሚንግ ጦር ዩናንን ወረረ፤ እሱም ተማርኮ ተሰለበ፤ የልዑል ዡ ዲ አገልጋይ ሆነ። ልዑሉ ሲነግሥ ግን ያ ምርኮኛ ልጅ የግዙፍ መርከብ ጓድ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ከ1405 እስከ 1433 በተደረጉት ሰባት ጉዞዎች ጓዱ ሕንድን፣ ሆርሙዝን፣ ዓረቢያንና ምሥራቅ አፍሪካን ረገጠ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መርከቦቹ ግዝፈት ነው። እናንተ ግን ስንቁን ተመልከቱ።

በሰባተኛው ጉዞ ከተመዘገቡት 27,550 ሰዎች መካከል ከወታደሩና ከመርከበኛው ሌላ ሐኪም፣ አስተርጓሚ፣ ሒሳብ ያዥ፣ መልሕቅ የሚሠራ አንጥረኛና አናጢ ነበሩ።

የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ከፊሉን ዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከፊሉን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይነፍሳል። የዘገየ መርከብ ለወራት ይታገዳል። ስለዚህ ጓዱ ከቻይና ሳይወጣ ቻንግሌ ላይ ቆሞ ነፋሱን ይጠብቅ ነበር።

በዛሬዋ ማሌዥያ ማላካ ላይ ደግሞ አራት በርና የጥበቃ ማማ ያለው አጥር አጠሩ። በውስጡ ሌላ አጥር፣ በዚያም ውስጥ መጋዘንና ጎተራ ሠሩ። ወደየአገሩ የተበተኑት መርከቦች ተመልሰው እዚያ ይሰባሰባሉ፤ ዕቃቸውን አስተካክለው ይጭናሉ፤ የደቡብ ነፋስ ሲነሳም አብረው ወደ አገራቸው ይቀዝፋሉ። ይህን የጻፈልን የጓዱ አስተርጓሚ የነበረው ሙስሊሙ ማ ሁዋን ነው።

በመጨረሻው ጉዞ ከሕንዷ ካሊኬት ሰባት ሰዎች ወደ መካ ተልከው፣ ደርሶ መልሱ አንድ ዓመት ፈጅቶ ተመለሱ። እነዚያን ሰዎች ከቻይና ለካዕባ ደጃፍ ያበቃቸው፣ በአላህ ፈቃድ፣ ያ ጎተራና ያ የነፋስ ጥበቃ ጭምር ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም። ዜንግ ሄ ነፋሱን ማዘዝ አይችልም ነበር፤ ነፋሱ ሲመጣ ግን ስንቁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። እናንተም ለትምህርት፣ ለትዳር፣ ለሥራ ወይም ለሐጅ ነይታችሁ ከሆነ ዱዓ አድርጉ፤ ከዱዓው ጋር ግን ጎተራችሁን ከዛሬ ጀምራችሁ ሙሉ።

አላህ ይዘንለት፤ ለእኛም መልካም ስንቅ ይወፍቀን። አሚን!