የሰዕድ እናት ውሃ



እናቱ ስታርፍ አጠገቧ ያልነበረ ልጅ ሐዘኑ ድርብ ነው። መሞቷ አንድ ሐዘን ነው፤ አለመድረሱ ደግሞ ሌላ። ሪያድ፣ ጂዳ ወይም ዱባይ ሆነው የእናታቸውን መርዶ በስልክ የሰሙ፣ ጀናዛዋን ሳይሸኙ የቀሩ ልጆች ይህን ያውቁታል። ዛሬ የምናስታውሰው ታላቅ ሶሐባ ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳም (ረ.ዐ) ይህንኑ ሐዘን የቀመሰ ሰው ነው።

ሰዕድ የመዲና ልጅ ነው። ነገዱ ኸዝረጅ፣ ጎሳው በኑ ሳዒዳ ሲሆን የጎሳው አለቃም ነበር። የተወለደበት ቤት ለእንግዳ የተከፈተ ቤት ነው። በአያቱ በዱለይምና በአባቱ በዑባዳ ዘመን ከቤታቸው ጠሪ እየወጣ መብላት የሚሻ ሁሉ እንዲመጣ ይጣራ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ሰዕድ ራሱ መጻፍ፣ ዋናና ቀስት መወርወር ይችል ነበር። በዚያ ዘመን እነዚህን ሦስቱን አሟልቶ የቻለ ሰው አል-ካሚል፣ ማለትም የተሟላ ሰው ይባል ስለነበር ይህ ስም ተሰጥቶታል። እናቱ ዐምራ ቢንት መስዑድ ትባላለች። እሷም ኢስላምን ተቀብላ ለመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) በይዓ ከሰጡት ሴቶች አንዷ ነች።

በ622፣ ከሂጅራ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የመዲና ሰዎች በዐቀባ ሌሊት ከመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ቃል ሲጋቡ 12 ተወካዮች ተመረጡ። ሰዕድ አንዱ ነበር። ቁረይሾች ነገሩን ሲሰሙ ተከታትለው ያዙት። እጆቹን ከአንገቱ ጋር አስረው፣ እየደበደቡና በጸጉሩ እየጎተቱ መካ አስገቡት። ያስጣሉት ንግዳቸው በመዲና ሲያልፍ ጥበቃ ያደርግላቸው የነበሩ ሁለት የመካ ሰዎች ናቸው።

ከሂጅራ በኋላ ሰዕድ በለጋስነቱ ታወቀ። በመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ከሰዕድ ቤት የሚላክ ገበታ አይጠፋም ነበር። ቤትና ዘመድ የሌላቸው የሱፋ ሰዎች መስጂድ ውስጥ ያድሩ ነበር። ሲመሽ ሶሐቦች አንድ፣ ሁለት እያሉ እራት ሊያበሏቸው ወደየቤታቸው ሲወስዷቸው፣ ሰዕድ እስከ 80 ሰው ይዞ ይሄድ እንደነበር ተዘግቧል።

ከሂጅራ በኋላ በ5ኛው ዓመት፣ በረቢዐል አወል ወር፣ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና በስተሰሜን ወደምትገኘው ዱመተል ጀንደል ዘመቱ። መንገዱ የሁለት ሳምንት ያህል ነው። ሰዕድም አብሮ ወጣ። እናቱ የታመመችው እሱ በሌለበት ነው።

ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ያሰፈሩት ዘገባ የመጨረሻ ሰዓቷን በአጭሩ ይነግረናል። አጠገቧ የነበሩ ሰዎች እንድትናዘዝ ጠየቋት። እሷም የምናዘዘው ምን አለኝ፣ ገንዘቡ የሰዕድ ነው የሚል መልስ ሰጠች። ልጇ ሳይመለስ ሩሕዋ ወጣች።

ሰዕድ ሲመለስ ይህን ነገሩት። እናቱ የሄደችው ባዶ እጄን ነኝ ብላ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚበላበት ገበታ፣ ያ ሁሉ የአትክልት ስፍራ የልጇ እንጂ የሷ አልነበረም። ጊዜ አግኝታ ቢሆን ኖሮ ምን ትሰጥ እንደነበር ሊጠይቃት የሚችልበት ሰዓት አልፏል።

መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻው ሲመለሱ በቀብሯ ላይ ሰገዱላት፤ ከሞተች አንድ ወር ያህል አልፎ ነበር። ሰዕድም ወደ እሳቸው ቀርቦ ጠየቀ። እኔ በሌለሁበት እናቴ ሞታለች፤ በሷ ስም ሶደቃ ብሰጥ ይጠቅማታል ወይ ብሎ። አዎን የሚል መልስ አገኘ። ወዲያው እሳቸውን ምስክር አድርጎ ሚኽራፍ የተባለውን የአትክልት ስፍራውን ለእናቱ ሶደቃ መሆኑን አወጀ። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰዕድ ለመስጠት አዲስ ሰው አልነበረም፤ ከልጅነቱ ያደገበት ነገር ነው። የከበደው ስጦታው ከአፈር በታች ላለችው እናቱ ይደርሳል ወይ የሚለው ነበር። ልቡ እንደመራው አላደረገም፤ የሰፈር ልማድ ምን ይላል ብሎም አልሄደም። ከሚያውቁት ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። እናት ስትሞት በሐዘን ብዛት ብዙ ወጪ እናወጣለን። ከወጪው ግን ለእሷ የሚደርሳት የቱ እንደሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ዱዓና ሶደቃ ለሟች እንደሚደርስ ዑለማዎች የተስማሙበት ጉዳይ ነው። ለታይታ የሚደገስ ድግስ ግን ከዚህ አይቆጠርም።

ሰዕድ በአንድ ጥያቄ አላበቃም። እናቱ ተስላ ሳትፈጽመው የሞተችው ነዝር ነበረባት። ስለሱም ጠየቀ፤ በእሷ ፈንታ እንዲፈጽመው ታዘዘ። ይህ ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። እናታችን ስትሄድ ልብሷንና ፎቶዋን ስንካፈል፣ ያልተከፈለ ዕዳዋን፣ ከጎረቤት የተዋሰችውን ዕቃ፣ ያልመለሰችውን አማና ማን ጠየቀ? ሟች ራሷ መክፈል አትችልም። ተስፋዋ ልጇ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ከሶደቃ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ውሃ እንደሆነ ተነገረው። የመዲና ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሰዕድ ጉድጓድ አስቆፈረና ይህ ለሰዕድ እናት ነው አለ። አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበውታል።

የእሷ የሚባል ገንዘብ የለኝም ብላ የሞተችው ሴት፣ አሁን በስሟ የአትክልት ስፍራና ውሃ አላት። ሰዕድ የራሱ የነበረውን ወስዶ የእሷ አደረገው። በሕይወት ሳለች ገንዘቡ የልጄ ነው ላለችው እናቱ መልስ የሰጠው በዚህ ነው።

ሰዕድ ራሱም ከተወለደበት አገር ርቆ ነው የሞተው። በዑመር (ረ.ዐ) ኺላፋ ዘመን በሻም ምድር፣ በሐውራን አረፈ። ልጁ ቀይስ የአባቱን ለጋስነት ወርሶ በዐረቦች ዘንድ በቸርነቱ ስሙ የሚነሳ ሰው ሆነ። ውሃውስ? ሰዕድ ካለፈ በኋላ በመዲና የተወለዱት ታላቁ ታቢዒይ ሐሰን አል-በስሪ ይህን ሐዲስ ሲያወሩ፣ መዲና ውስጥ ያለው የሰዕድ የውሃ መጠጫ እሱ እንደሆነ ለሰሚዎቻቸው ይነግሩ ነበር። እናትም ልጅም አልፈው ሰው ገና ይጠጣ ነበር ማለት ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! እናትህ ስታርፍ ባትደርስ፣ እናትሽን ባትሸኚ በሩ አልተዘጋም። ሰዕድም አልደረሰም ነበር። ሁላችንም የአትክልት ስፍራ የለን ይሆናል። ነገር ግን ከወንድምና እህት ጋር አዋጥቶ ውሃ ለቸገረው መንደር ቦኖ ማስተከል፣ ለመስጂድ የውሃ ታንከር መግዛት ለብዙዎች የሚቻል ነው። ይህም ያልተቻለው በሱጁዱ ስሟን ጠርቶ ዱዓ ያድርግላት፤ ዱዓ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ በፊት ግን ዕዳ ነበረባት ወይ ብለን እንጠይቅ። ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ቤተሰብ የሚደዋወልበት ቀን ነው። ጥያቄው ከዚያ ስልክ ይጀምር።

እናቱ በሕይወት ያለችለት ደግሞ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ይደውልላት። ምን ብትሰጥ፣ ለማን ብታደርግ ደስ እንደሚላት ዛሬ ይጠይቃት። ሰዕድ ያላገኘው ዕድል በእጁ ነው።

አላህ ሆይ! ያለፉ እናቶቻችንን ማራቸው፣ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ በጀነትህ አገናኘን። ያሉትን ጤናና ዕድሜ ስጥልን፣ እኛንም የሚያስታውሷቸው ልጆች አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!