የጀዕፈር የቲሞች

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህም በኋላ፣ እናንተ ምእመናን ሆይ! በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው በምን እንደሚከበር ታውቁ ዘንድ የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን ታሪክ አስተውሉ።

ጀዕፈር የነቢዩ የአጎታቸው ልጅ፣ የዐሊይም ታላቅ ወንድም ነበር። ቁረይሾች ምእመናንን ባሠቃዩ ጊዜ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሚስቱ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ ሐበሻ ተሰደደ። ቁረይሾችም ስደተኞቹን ለማስመለስ ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ሲልኩ፣ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ሁሉም የተናገረ እርሱ ነው። ንጉሡም ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን በሰላም አኖራቸው። ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉት ልጆቹ የተወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው።

በሂጅራ 7ኛው ዓመት፣ ኸይበር በተያዘ ጊዜ፣ ወደ ነቢዩ ተመለሰ፤ እርሳቸውም እጅግ ተደሰቱበት። በመዲናም ድኾችን ወደ ቤቱ እየወሰደ ያለውን ያበላቸው ስለ ነበር የድኾች አባት ተባለ።

በ8ኛው ዓመት (629 እ.ኤ.አ.) 3,000 ያህል ሰው ዛሬ በዮርዳኖስ አገር ወዳለችው ወደ ሙእታ ዘመተ። አዛዡ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ በወደቀ ጊዜ ጀዕፈር ሰንደቁን ተቀበለ። ቀኝ እጁ ቢቈረጥ በግራው ያዘ፤ ግራውም ቢቈረጥ በደረቱ አቀፈው፤ በዚያም ተሠዋ። በአካሉ ላይ ሃምሳ ያህል ቍስል ተቈጠረ፤ በጀርባው ግን አንድም አልነበረም። ስለ ሁለቱ እጆቹም አላህ በጀነት ሁለት ክንፍ እንደ ሰጠው ነቢዩ ነገሩን።

በዚያች ዕለት አስማእ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆችዋን አጥባና ቀብታ ነበር። ነቢዩ ገብተው ልጆቹን አቀፉ፤ ዐይናቸውም እንባ አፈሰሰ። ከዚያም ኀዘን ለያዘው ቤት ምግብ ተሠርቶ እንዲሄድ አዘዙ። እነሆ፣ ኀዘንተኛ ሊመገብ እንጂ እንግዳ ሊመግብ አይገባውም።

ሦስት ቀን ባለፈ ጊዜ ነቢዩ ተመልሰው መጡ። ጠጕር ላጭ አስጠርተው የልጆቹን ራስ አስላጩ፤ እናቲቱም የቲምነታቸውን ባነሣች ጊዜ፣ በዱንያም በአኼራም አሳዳጊያቸው ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩዋት። ለዐብደላህም በንግዱ በረከት እንዲያገኝ ለመኑለት፤ እርሱም አድጎ በለጋስነቱ የታወቀ ሰው ሆነ።

እናንተ የመሐል ሜዳ ነጋዴዎች ሆይ! ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ልጁን ወይም አባቱን ያጣ ቤት በአገራችን ብዙ ነው። ድንኳን በሚተከልበት ሰሞን ሁላችን እንገኛለን፤ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላስ ማን ይመለሳል? ባልዋ የወደቀባት ሴት ገብስዋንና ባናዋን ወደ ገበያ ስታወጣ፣ ችግርዋን አይቶ ዋጋ የሚሰብር ሰው ሟቹን አከበርሁ ሊል አይችልም። ተገቢውን ዋጋ ክፈሉዋት፤ ዕዳ ቢኖርባት ታገሡዋት፤ ልጅዋን ሱቅ አስገብታችሁ ሚዛንና ሒሳብ አስተምሩት፤ የየቲም ገንዘብ በእጃችሁ ቢገኝ ከራሳችሁ አትደባልቁት። ጎረቤታችሁ ክርስቲያን ቢሆንም ይህ ግዴታ አይቀርላችሁም፤ የጀዕፈርን ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ያስጠጋቸው የክርስቲያኖች አገር ነበርና።

አላህ የወደቁትን ይማር፤ የተረፉትንም ከሚያስታውሱ ሰዎች ያድርገን። አሚን።