የማይታየውን የሰማይ ክብደት ያመለከቱት ፍሪትዝ ዝዊኪ

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ቀዛፊው ባላሰበው አቅጣጫ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ከሥር የውኃ ግፊት መኖሩን ለማወቅ ሐይቁ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ የታንኳው አካሄድ በቂ ማስረጃ ነው። ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ሰማይ ወስደው፣ ከከዋክብት ብርሃን በስተጀርባ የተሰወረ ግዙፍ ክብደት መኖሩን ካመለከቱ ቀደምት ሊቃውንት መካከል ስዊዘርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪትዝ ዝዊኪ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዝዊኪ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1898 በቡልጋሪያ የወደብ ከተማ በቫርና ነው። በስድስት ዓመታቸው ንግድ እንዲማሩ በስዊዘርላንድ ግላሩስ ወደሚኖሩት አያቶቻቸው ቢላኩም፣ ዝንባሌያቸው ወደ ሒሳብና ፊዚክስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1922 በዙሪክ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በ1925 ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አመሩ። ቀሪ ዘመናቸውን በአሜሪካ ቢያሳልፉም የስዊዘርላንድ ዜግነታቸውን አልለወጡም።

እ.ኤ.አ. በ1933 ኮማ በሚባለው፣ ከአንድ ሺህ በላይ ጋላክሲዎች በተሰባሰቡበት የሰማይ ክፍል ላይ ያደረጉት ጥናት ስማቸውን ያስጠራ ነው። ጋላክሲዎቹ የሚጓዙት እጅግ ከፍተኛ በሆነ ፍጥነት ነበር። ክብደታቸው በብርሃናቸው መጠን የተገመተው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስበታቸው አንድ ላይ ሊያቆያቸው ባልቻለና በተበታተኑ ነበር። በመሆኑም ዝዊኪ ብርሃን የማይሰጥ ሌላ ነገር አለ ብለው በመደምደም ጨለማ ቁስ ሲሉ ሰየሙት። በስሌታቸው ያገኙት ልዩነት 400 እጥፍ ገደማ ነበር። የርቀት መለኪያው በኋላ ሲታረም ቁጥሩ እጅግ ቢቀንስም መደምደሚያው ግን ጸንቷል።

ይሁንና ግኝቱ ለ40 ዓመታት ያህል ሰሚ አላገኘም። ብዙዎች ምክንያቱ የዝዊኪ ኃይለኛ ጠባይ ነው ይላሉ፤ በእርግጥም ከባልደረቦቻቸው ጋር በቀላሉ የሚግባቡ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ሁሉንም በጠባይ ማሳበብ ተገቢ አይመስልም። ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰጥ መሣሪያም ገና አልተስፋፋም ነበር።

ማስረጃው የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች በዳርቻቸውም ፍጥነታቸው እንደማይቀንስ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ኦስትራይከርና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት፣ የከዋክብቱ ገበታ ብቻውን ቢሆን ቅርጹን ይዞ እንደማይቆይና ዙሪያውን የከበበ የጨለማ ቁስ ድባብ ሊያረጋጋው እንደሚችል አመለከቱ።

ድባቡ የጋላክሲውን ክንዶችም ይቀርጻል። አንድ ታዋቂ ማብራሪያ እንደሚለው ክንዶቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ከዋክብት የተሞሉ አይደሉም። በተጨናነቀ ድልድይ መግቢያ ላይ ተሽከርካሪዎቹ እየተለዋወጡ መጨናነቁ ግን እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ከዋክብትም ወደ ክንዱ ገብተው ይወጣሉ፤ ክንዱ ይቀራል። ገበታው ከድባቡ አንጻር ከባድ ሲሆን ጥቂትና ጎላ ያሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክንዶች ይፈጠራሉ። ድባቡ ሲያይል ደግሞ ክንዶቹ ይበዛሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ይቆራረጣሉም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከሐይቁ ዳርቻ እንደ ነጭ መቀነት ተዘርግቶ የሚታየው ፍኖተ ሐሊብም እንዲህ ባለ ድባብ ውስጥ የሚሽከረከር ነው።

የዝዊኪ ሥራ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1934 ከዋልተር ባዴ ጋር በመሆን፣ የሚፈነዱ ግዙፍ ከዋክብት ወደ ኒውትሮን ኮከብነት እንደሚለወጡ ተነበዩ። በ1936 በፓሎማር ተራራ ሥራ በጀመረው፣ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ፍንዳታዎቹን ማደን ጀመሩ፤ በዘመናቸውም ወደ 120 የሚጠጉ አገኙ። በአዲስ አበባ እንጦጦ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሲሆኑ፣ ከዚያኛው ከእጥፍ በላይ ይሰፋሉ። ይህን ልብ ማለት የሳይንስ በጀት ለሚመድቡ ኃላፊዎች ይጠቅማል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጦርነቱ ለወደሙ ቤተ መጻሕፍት በርካታ ሳይንሳዊ መጻሕፍት አሰባስበው መላካቸውም ከኃይለኛነታቸው ባሻገር የሚታይ ገጽታቸው ነው።

ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1974 በፓሳዴና አርፈው በስዊዘርላንድ ሞሊስ ተቀበሩ። የጋላክሲዎች ስበት ከኋላቸው ያለውን ብርሃን እንደ መነጽር እንደሚያጎብጥ በ1937 የተነበዩት ነገር በሰማይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1979፣ እርሳቸው ካለፉ ከአምስት ዓመታት በኋላ ነው።