ዳግማዊ ምኒልክና ባሕር ዛፍ

ዳግማዊ ዐጤ ምኒልክ በ1836 ዓመተ ምሕረት ከደነባ ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ዐጤ ቴዎድሮስ ሸዋን ስለ ያዙ ወደ መቅደላ ተወስደው በዚያ አደጉ። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው በሸዋ ነገሡ፤ በ1882 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 በዐድዋ ድል አደረጉ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ያለ ጦርነት አንዲት ከተማን ጠፍ ከመሆን ያዳኑበት ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም ዛፍ ማስተከል ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች። ሰዉም እየበዛ ሄደና ለማገዶና ለቤት ሥራ በዙሪያዋ የነበረውን ጥድና ወይራ ቈርጦ ጨረሰው። እነዚህ ዛፎች ደግሞ ፈጥነው አያድጉም። በቀድሞ ዘመን እንጨት ሲያልቅ ነገሥታቱ ሰፈር ይለውጡ ነበር። ስለዚህ ዐጤ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ አሰቡ፤ በ1893 ገደማ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ።

በዚያው ዘመን ግን ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ በአዲስ አበባ ይተከል ነበር። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ጠባዩም የሚያስደንቅ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቤት ማገር ይደርሳል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ላምና ፍየል አይበሉትም፤ በአገሩ ግን ኮአላ የሚባል አውሬ ምግቡ የዚህ ዛፍ ቅጠል ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በልጅነቱ ሰፊና ዐመድማ ነው፤ ሲያድግ ግን እንደ ማጭድ ቀጭንና ቈልማማ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ያላወቀ ሰው ችግኙንና ትልቁን ዛፍ ሲያይ ሁለት ልዩ ልዩ ዛፎች ይመስሉታል።

ንጉሠ ነገሥቱ የዛፉን ጥቅም ባዩ ጊዜ ሕዝቡ እንዲተክል አደፋፈሩት። ከተማይቱም በዛፍ ተከበበች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ዋና ከተማ ሆና ጸናች። ዐጤ ምኒልክ በ1906 ዐረፉ፤ ዛፉ ግን በሸዋ ደጋ ሁሉ ተስፋፋ።

ልጆች ሆይ፣ የሚጠቅም ነገር ሁሉ ልክ አለው። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ በምንጭ አጠገብ ቢተክሉት ምንጩን ሊያጐድል፣ በእርሻ ዳር ቢተክሉት እህሉን ሊያቀጭጭ ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ስትተክሉ አስቀድማችሁ ጠባዩን ዕወቁ፤ ለራሳችሁ ማገዶ ስትፈልጉ የጎረቤታችሁን ውሃ እንዳታደርቁ።