የመበለቲቱ ቤት

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ከተወለደ በኋላ ብዙ ሳይቈይ አባቱ ሴኩንዱስ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ ገደማ መበለት ሆነች፤ ዳግመኛ ሳታገባም ልጇን በሃይማኖትና በምግባር አሳደገችው።

በጎለመሰ ጊዜ ከወዳጁ ጋር ሊመንን ቢያስብ፥ እናቱ እስክትሞት ድረስ ብቻዋን እንዳይተዋት በዕንባ ለመነችው። እርሱም የምናኔን ፍቅር በልቡ ይዞ ከእርሷ ጋር ተቀመጠ፤ ኋላም ወደ ተራራ ወጥቶ መነነ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ386 ቅስና ተቀበለ፤ በ398 የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በ407 በስደት ዐረፈ። በስብከቱም ምእመናን ቤታቸውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉ፥ በቤተ ክርስቲያን የሰሙትንም ቃል በማዕድ ዙሪያ ለቤተ ሰባቸው እንዲደግሙ አስተማረ።

ምእመናን ሆይ፥ ለእናት መታዘዝ ቅዱሱን ከእግዚአብሔር አገልግሎት አላስቀረውም። ስለዚህ የቤታችንን ድካም የጸሎት እንቅፋት አድርገን አንቍጠረው፤ ትዕግሥትና ፍቅር አስቀድመው የሚለመዱት በዚያ ነውና።