ፔስታሎዚና የሽታንስ ልጆች

ዮሐን ሃይንሪሽ ፔስታሎዚ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1746 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በዙሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱና አንዲት ታማኝ የቤት ሠራተኛ ተረዳድተው አሳደጉት። ጎልማሳ በሆነ ጊዜ ኖይሆፍ በተባለው እርሻው የድኾችን ልጆች ሰብስቦ ሥራና ንባብ ቢያስተምርም፣ ገንዘቡ አልቆበት ቤቱ በ1780 ተዘጋ። በሚከተለው ዓመት ሊንሃርትና ጌርትሩድ የተባለውን ልብ ወለድ መጽሐፉን አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የመልካም አስተማሪ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ሊቅ ወይም ቄስ ሳይሆን፣ መጠጥ ያሸነፈው የአንድ ግንበኛ ሚስት የሆነችውን ድኻ እናት ነው።

ይህ እምነቱ የተፈተነው በሽታንስ ነው። በ1798 የኒድቫልደን ሰዎች አዲሱን ሕገ መንግሥት አንቀበልም ስላሉ የፈረንሳይ ጦር ወግቶ ብዙዎችን ገደለ፤ ቤታቸውንም አቃጠለ። መንግሥቱም የሙት ልጆች ማሳደጊያ እንዲያቋቁም ፔስታሎዚን ላከው። ነገር ግን አገሬው ካቶሊክ፣ እርሱ ፕሮቴስታንት ነበረ፤ የላከውም መንግሥት የወራሪው ጦር ወዳጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ የወላጆቻችሁ ቤት የተበላሸ ነው ቢል ኖሮ፣ ልጁ ከአስተማሪውና ከእናቱ አንዱን ለመምረጥ በተገደደ ነበር።

ፔስታሎዚ ግን ስብከቱን ትቶ ሰማንያ ከሚያህሉ፣ እከክና ቅማል ከወረሳቸው ልጆች ጋር አብሮ በላ፤ አብሮ ተኛ። በመጀመሪያ አጠገባቸው፤ ቀጥሎ መልካም ሥራ አሠራቸው፤ የሥራውን ስምና ትርጕም የነገራቸው በመጨረሻ ነው። በ1799 አልትዶርፍ የተባለችው ከተማ በተቃጠለች ጊዜ፣ ከዚያ ሀያ ያህል ልጆች እንቀበል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ምግባቸው እንደሚያንስ፣ ሥራቸው እንደሚበዛ፣ ልብሳቸውንም እንደሚካፈሉ ቢያስጠነቅቃቸውም ልጆቹ ይምጡ አሉ። ርኅራኄን የተማሩት እንዲህ ነው፤ የማንም ልጅ በቤቱ አላፈረም።

በሕይወት የነበሩ እናቶች እየመጡ ያማርሩት፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን ይወስዱበት ነበር። ይህ ቢያሳዝነውም ትምህርት ቤት የእናትን ቤት መምሰል አለበት የሚለውን አሳቡን አልለወጠም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ በ1799 ሕንፃው ለፈረንሳይ ወታደሮች ሆስፒታል ስለ ተፈለገ ማሳደጊያው ተዘጋ። እርሱ ግን በቡርግዶርፍ፣ ኋላም በኢቨርዶን ሲያስተምር ኖሮ በ1827 ዐረፈ።

ከእኛ መካከል ነገ ጠመኔ ይዘው ከክፍል የሚገቡ ብዙዎች ናቸው። በፊታቸው የሚቀመጠው ልጅ የአባቱን ሃይማኖት፣ የእናቱን ቋንቋና የቤቱን ድኽነት ይዞ ይመጣል። ምግባር ልናስተምረው ከፈለግን የምናካፍለው እንጀራ እንስጠው እንጂ የሚያፍርበት ቤት አንስጠው።