ቀይን ያላየው ሊቅ

በአቶም ንድፈ ሐሳቡ የምናውቀው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1766 ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። የኩዌከር እምነት ተከታይ ስለነበረ በኦክስፎርድም ሆነ በካምብሪጅ ተምሮ ዲግሪ መያዝ አይፈቀድለትም ነበር። እሱ ግን በማንቸስተር እያስተማረ ምርምሩን ቀጠለ።

ዳልተንና ወንድሙ ቀይን የሚያዩት እንደ ደበዘዘ ጥላ ነበር። እኛ በርበሬን ቀይ አድርገን የምናየው ከሚያርፍበት ብርሃን ረጃጅሞቹን ሞገዶች መልሶ ስለሚልክ ነው፤ በዓይናችን ያሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ይቀበሉታል፤ አንጎላችንም የሦስቱን መልእክት አነጻጽሮ ቀለሙን ይለያል። ይህ በማይታወቅበት ዘመን፣ በ1794፣ ዳልተን ችግሩን ለከተማው ምሁራን ሲያስረዳ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ሳይሆን እንደማይቀር ገመተ። ግምቱ እንዲፈተንም ከሞተ በኋላ ዓይኖቹ እንዲመረመሩ ተናዘዘ።

በ1844 ሲያርፍ ኑዛዜው ተፈጸመ። ፈሳሹ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ግምቱም ውድቅ ሆነ። ይሁንና ተጠብቆ የቆየው የዓይኑ ቅሪት በ1995 በዲኤንኤ ሲመረመር ከሦስቱ ሕዋሳት አንዱ፣ መካከለኛ ሞገዶችን የሚቀበለው፣ የሚያስፈልገው ጂን እንዳልነበረው ታወቀ። ቀይና አረንጓዴ የተምታቱበት ለዚህ ነበር።

ሁላችንም ያየነውን ብቻ እውነት ብለን በምንሟገትበት በዚህ ዘመን፣ የገዛ ሐሳቡን ለፈተና አሳልፎ የሰጠ ሰው ሊታወስ ይገባዋል እንላለን።